ጉድጓዱን የቆፈረው ማን ነው?

ከሱስ ስለሚገኝ ትርፍና ስለ ሕግ ጥበቃ



ከጥቂት ዓመታት በፊት በታኅሣሥ ወር፣ የደጋው መከር ተሰብስቦ ካበቃ በኋላ፣ አንድ የወገራ ገበሬ ጎንደር ወደሚገኘው ግቢያችን መጣ። ከመንጋችን የሆነ ሰው አልነበረም፤ በዚህ ሀገር እኛ ካቶሊካውያን ቁጥራችን ጥቂት ስለሆነ ደጃችንን የሚያንኳኳው አብዛኛው ጎረቤት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ነው። የመጣውም ልጁን ፍለጋ ነበር። ልጁ ለትምህርት ወደ ጎንደር ከወረደ አራት ዓመት ሆኖታል፤ በሁለተኛው ዓመት ትምህርቱን ተወ፤ ገንዘብ ሲያገኝ ቢራ፣ ሲያጣ አረቄ እየጠጣ ውሎው ከመጠጥ ቤት፣ አዳሩ ከማይታወቅ ስፍራ ሆነ። አባት በአዘዞና በፒያሳ ሦስት ቀን ሲዞር ሰንብቶ፣ ደክሞት ከተቀመጠበት ሳይነሣ እንዲህ ሲል ጠየቀን፦ «አባ፣ እኔ እኮ የቢራ ገብስ ነው የምዘራው። ልጄን የጣለው የኔው ገብስ ቢሆንስ? ኃጢአት ሆኖብኝ ይሆን?»

እኛም በዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት እንደ ተማርነው መለስንለት። የሥነ ምግባር ሊቃውንት በሌላው ሰው ክፉ ሥራ መተባበርን ሲመረምሩ፣ ክፋቱን ወድዶና ፈቅዶ የሚተባበረውን፣ ሳይፈቅድና ከሩቅ ሆኖ በሥራው ብቻ ከሚነካካው ይለያሉ። ገበሬው እህል ዘራ፤ እህል መዝራት መልካም ሥራ ነው፤ የሌላው ሰው ስካር ከእርሱ ፈቃድ ውጭና ከእጁ እጅግ የራቀ ነው፤ ስለዚህ በደል የለበትም አልነው። እርሱም በትዕግሥት አዳምጦን፣ «እግዜር ይስጥልኝ» አለና ጥቂት ዝም ካለ በኋላ፣ «እንግዲያ እኔ ካልበደልሁ፣ የበደለው ማን ነው?» ብሎ ጠየቀን።

ለዚህ ጥያቄ በዚያን ጊዜ መልስ አልነበረንም። ምክንያቱም ገበሬውን ነጻ ያወጣንበት ያው አነጋገር ከእርሱ ቀጥሎ ያለውንም ሁሉ ነጻ ያወጣ ነበር። የብቅል ፋብሪካው ሠራተኛ የታዘዘውን ይሠራል፤ ሾፌሩ ሣጥን ይጭናል፤ ባለ ግሮሰሪው ሕጋዊ ፈቃድ አለው፤ አስተናጋጇ ደመወዟን ትፈልጋለች፤ ባለ ማስታወቂያው ማስታወቂያ ይሠራል፤ ባለ አክሲዮኑ መጠጥ ቤቱን ከነጭራሹ አያውቀውም፤ መንግሥት ግብሩን ይሰበስባል። ሁሉም በየተራ ንጹሕ ሆኖ ሲገኝ፣ ጥፋቱ በመጨረሻ የሚቀረው በወደቀው ልጅ ላይ ብቻ ነው። ይህ ዕትም ለዚያ ገበሬ የዘገየ መልሳችን ነው።

የማያልቅ ጋን

በቅድሚያ መጠጥን ሁሉ በአንድ ቃል የምናወግዝ እንዳይመስልብን እንወዳለን። ጌታችን በቃና ዘገሊላ ሰርግ ላይ ተገኝቶ ውኃውን ወደ ወይን ጠጅ ለውጧል። በጎንደርም ጠላ የማኅበር፣ የሰርግ፣ የደቦና የበዓል ባልንጀራ ነው። ነገር ግን ጠላ የሚጠመቀው ቀን ተቆርጦለት ነው። ብቅሉ ይዘጋጃል፣ ጌሾው ይወቀጣል፣ ጋኑ ይታጠናል። በዓሉ ሲደርስ አሳላፊው ይቀዳል፤ ሽማግሌዎች በላይ፣ ወጣቶች በታች ተቀምጠዋል፤ ያበዛውን ሰው ጎረቤቱ በዓይኑ ይገሥጸዋል። ጋኑ ሲያልቅ ድግሱ ያልቃል፤ ከዚያም ጾም ይገባል። ልብ እንበል፤ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ጠጪው ነገም ከነገ ወዲያም ተመልሶ በመምጣቱ የሚጠቀም ሰው የለም። ባለ ድግሷ እናት እንግዳዋ በልቶና ጠጥቶ በሰላም ቤቱ ቢገባ ደስ ይላታል፤ በማግሥቱ ቢመለስ ግን ጋኑ ባዶ ነው።

ይህን ስንል የጥንቱን ዘመን ገነት ማስመሰላችን አይደለም። ጠላ ቤትና አረቄ ቤት በየሰፈሩ ነበረ፣ ዛሬም አለ፤ ባሏ የሞተባት ብዙ ሴት ልጆቿን ያሳደገችው አረቄ አውጥታ ነው፤ በአረቄም የፈረሰው ትዳር ጥቂት አይደለም። ሆኖም አንዲት አረቄ ሻጭ ስለ ጠጪው ልጅነት የምታጠና፣ ስሟን በየአደባባዩ የምትሰቅል፣ የሚመጣውን ዓመት ሽያጭ በመቶኛ የምትተልም አይደለችም። ፋብሪካ ግን ይህን ሁሉ ማድረግ የባሕርዩ ነው። መሣሪያው በብድር ተገዝቷል፣ ባለ አክሲዮኑ ትርፍ ይጠብቃል፣ የዘንድሮው ሽያጭ ከአምናው መብለጥ አለበት። የፋብሪካ ጋን አያልቅም፤ ጾምም አይገባለትም።

ይህ ነገር ለጎንደር ሩቅ አይደለም። የዳሸን ቢራ ፋብሪካ በከተማችን ሥራ የጀመረው በ1992 ዓ.ም. ነው፤ ያቋቋመውም ለክልሉ ሕዝብ ልማት ተብሎ የተመሠረተው ጥረት ነበር። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ የራሷ የብቅል ፋብሪካም ኖራታለች፤ የወገራ፣ የዳባትና የደባርቅ ገበሬ ለቢራ ገብሱ ገበያ አግኝቷል፤ በፋብሪካው ስም የሚጠራ የእግር ኳስ ክለብም በፕሪምየር ሊጉ ተጫውቷል። ለብዙ ቤተሰብ እንጀራ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ጠርሙሶቹን እንመልከት። ተራራችን ዳሸን፣ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም በየትም የማይገኘው ዋልያችን፣ ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ሐበሻ የሚለው የጋራ መጠሪያችን ሳይቀር የቢራ ስም ሆነዋል። አንድ ወጣት ገና ጠርሙሱን ሳይከፍት ሀገሩን፣ ቅዱሱንና የኳስ ቡድኑን አብሮ እንዲያነሣ ተደርጓል። ይህ በአጋጣሚ የሆነ አይደለም፤ ታስቦበት የተደረገ ነው።

ትርፉ ከማን ይገኛል?

የነገሩ ሥር ያለው ከዚህ ጥያቄ ላይ ነው። ጫማ ሰሪ ገዢው ጫማውን በልኩ ቢጠቀምበት አይጎዳም። አልኮል ሻጭ ግን ገዢው ሁሉ በልኩ ቢጠጣ ምን ይሆናል? በእንግሊዝ ሀገር የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ይህን መርምሮ ነበር። በዚያ ሀገር ከአልኮል ሽያጭ ከሚገኘው ገቢ ከመቶ 68 ያህሉ የሚመጣው ሐኪሞች ከመከሩት መጠን በላይ ከሚጠጡ ሰዎች መሆኑን፣ ሁሉም ሰው በተመከረው መጠን ቢወሰን ኖሮ ገቢው ከመቶ 38 ያህል እንደሚቀንስ ጥናቱ አመልክቷል። እንግዲህ «በኃላፊነት ይጠጡ» የሚለው ምክር በጠርሙስ ላይ ሲጻፍ፣ ጸሐፊው ምክሩ ቢሰማለት የሚከስር ሰው ነው ማለት ነው። እኛ በግል እያንዳንዱን ባለ ፋብሪካ ግብዝ ነው አንልም፤ ነገር ግን ጥቅሙ ወደ አንድ ወገን፣ ምክሩ ወደ ሌላ ወገን እንደሚስበው እናያለን።

በትምባሆ ረገድ ማስረጃው ከዚህም ይልቅ የከፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 የአንድ ታላቅ የአሜሪካ ሲጋራ ኩባንያ የሕግ ባለሙያ ኒኮቲን ሱስ የሚያስይዝ መሆኑንና ኩባንያቸው የሚሸጠው ይህንኑ መሆኑን በውስጥ ማስታወሻ ጽፎ ነበር። ከ31 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1994፣ የሰባት ታላላቅ ኩባንያዎች መሪዎች በአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ምለው፣ ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል ብለው እንደማያምኑ ተናገሩ። በ1998 ኩባንያዎቹ ከ46 ክፍላተ ግዛት ጋር ሲስማሙ ብዙ ሚሊዮን ገጽ የውስጥ ሰነድ ለሕዝብ ተገለጠ፤ በ2006 ደግሞ የፌዴራል ፍርድ ቤት ኩባንያዎቹ ሕዝብን ለብዙ አሥርት ዓመታት ሲያታልሉ መኖራቸውን በፍርድ አረጋገጠ። እያወቁ መደበቅ፣ ደብቀውም መሸጥ፤ ይህ የግብረ ገብ ሊቅ ሳያስፈልገው ማንም ሰው በስሙ የሚጠራው ኃጢአት ነው።

ነገሩ ወደ ሀገራችንም መጥቷል። ከዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ በመንግሥት እጅ የነበረው የብሔራዊ ትምባሆ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ከመቶ 40 ድርሻውን ለጃፓኑ የትምባሆ ኩባንያ በ510 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ሸጠ፤ በሚቀጥለው ዓመት መጨረሻ ኩባንያው ከመቶ 31 ያህል ተጨማሪ ድርሻ በ434 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። በዚያው በ2016 በተደረገው ሀገር አቀፍ ጥናት ከኢትዮጵያ አዋቂዎች መካከል ትምባሆ የሚጠቀሙት ከመቶ 5 ያህል ብቻ ነበሩ። ከመቶ አምስት ሰው ብቻ በሚጠቀምበት ሀገር ይህን ያህል ገንዘብ የሚያፈስስ ነጋዴ ዓይኑ የተተከለው በየትኛው ላይ ነው? በአምስቱ ላይ ብቻ ነው ብለን ማመን ይከብደናል። ዘጠና አምስቱ ገና አልተነኩም፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ወጣቶች ናቸው። በጎንደር አውቶቡስ ተራ ሱቅ በደረቴ ተሸክሞ ማስቲካና ሶፍት ከሲጋራ ጋር በፍሬ የሚሸጠውን ሕፃን ያየ ሰው፣ ይህ ረጅም መንገድ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያልቅ ያውቃል።

ይኸው ስሌት በሌላም ስም ይገኛል። በቅርብ ዓመታት በየከተማው የተከፈቱት የስፖርት ውርርድ ቤቶች የሚኖሩት አንድ ጊዜ ተወራርዶ በሚሄድ ሰው ሳይሆን የተበላውን ለማስመለስ በሚመላለስ ሰው ነው። ሸቀጡ ይለያያል፤ መርሁ ግን አንድ ነው፦ ከነጻ ገዢ ይልቅ የታሰረ ገዢ ይበልጥ ያተርፋል።

በሬውና ጉድጓዱ

«ማን አስገደደው? በገዛ እጁ ጠጣ፣ በገዛ ገንዘቡ ገዛ» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። ቀላል ተቃውሞም አይደለም፤ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ሰው ነጻ ፈቃድ ያለው ፍጡር እንደ ሆነ፣ ለሥራውም ተጠያቂ እንደ ሆነ ታስተምራለች። ነገር ግን ያችው ቤተ ክርስቲያን፣ ተጠያቂነት በልማድ፣ በፍርሃትና በሕመም ምክንያት እንደሚቀንስም ታስተምራለች። ሱስ የሚሠራው በዚህ ላይ ነው። የሲጋራ ኒኮቲን ከሳንባ ወደ አንጎል ለመድረስ ጥቂት ሴኮንዶች ይበቁታል፤ አንጎል የደስታን መንገድ ከዚያ ጋር ማያያዝ ይለምዳል፤ ውሎ አድሮ ሰውዬው የሚያጨሰው ደስ እንዲለው ሳይሆን እንዳይጨንቀው ይሆናል። የወጣት አንጎል ደግሞ፣ በተለይ አመዛዛኙ ክፍል፣ ሃያዎቹን ዕድሜ እስኪያጋምስ ድረስ ገና በመብሰል ላይ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ብርጭቆ ነጻ ምርጫ ሊሆን ይችላል፤ አንድ ሺኛው ግን እንደ መጀመሪያው አይደለም። ነጋዴው ደግሞ ያተረፈው በዚህኛው ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ሣሩን አይቶ ገደሉን ስላላየው በሬ የምንናገረው ምሳሌ አለን። ምሳሌው በሬውን ይወቅሳል። ለመምከሪያ መልካም ነው፤ ብዙ ጊዜም ከመድረክ ላይ ተናግረነዋል። የሙሴ ሕግ ግን ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 21 ላይ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ሳይከድነው የተወ ሰው፣ በሬ ወይም አህያ ቢወድቅበት የጉድጓዱ ባለቤት ካሣ እንዲከፍል ታዟል። ሕጉ በሬው ለምን አላየህም ተብሎ እንዲጠየቅ አያዝም። ጉድጓድ ቆፋሪው በሬው እንዲሞት መፈለጉንም አይመረምርም፤ ሊከድነው ይችል እንደ ነበር ብቻ ይመለከታል። ለእንስሳ ይህን ያህል የተጠነቀቀ ሕግ፣ ለሰው ልጅ ሲሆን ወደ በሬው ምሳሌ ብቻ እንድንመለስ አይፈቅድልንም።

የሀገራችን ታሪክም ጥፋቱን በወደቀው ላይ ብቻ መጫን የት እንደሚያደርስ ያሳያል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትምባሆን በብርቱ ከልክለው እንደ ነበር፣ ያጨሰ ሰው ከንፈሩ፣ ሱረት የሳበም አፍንጫው እንዲቆረጥ እንዳዘዙ ይተረካል። ዛሬ ከንፈር የሚቆርጥ የለም። ነገር ግን ሰካራሙን በየመንገዱ ስናንቋሽሽ፣ ከዕድርና ከማኅበር ስናስወጣው፣ ልጁን «ያ የሰካራም ልጅ» ብለን ስንጠራው፣ ያንኑ ቅጣት በሌላ ቢላዋ እንፈጽማለን፤ ጉድጓዱ ግን እንደ ተከፈተ ነው።

የጣራው መከታ

በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ደግሞ፣ አዲስ ቤት የሠራ ሰው፣ ሰው ወድቆ ደም በቤቱ ላይ እንዳይሆን በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዟል። የእኛ ደጋ ቤት ጣራው ሾጣጣ የሣር ክዳን ስለሆነ ማንም አይወጣበትም፤ የእስራኤል ጣራ ግን ጠፍጣፋ ነበር፤ ማታ ማታ ሰው ይቀመጥበት፣ እንግዳም ያድርበት ነበር። ሕጉ ቤት አትሥሩ አላለም፤ ጣራ ላይ አትውጡም አላለም። ሠሪው አስቀድሞ መከታ ያድርግ አለ። እንግዲህ ስለ ቁጥጥር ሕግ ስንናገር የምንለው ይህንኑ ነው። ክልከላ ሁሉ የነጻነት ጠላት አይደለም፤ መከታ በጣራው ላይ ለሚጫወት ሕፃን ነጻነቱ ነው።

ለመከታው ግን ልክ አለው። ቅዱስ ቶማስ ዘአኵናስ የሰው ሕግ ክፋትን ሁሉ ሊከለክል እንደማይችልና እንደማይገባው፣ ይልቁንም ከባዱንና ሌላውን የሚጎዳውን፣ ሳይከለከል ቢቀር ማኅበራዊ ኑሮ የማይቆምበትን መከልከል እንዳለበት አስተምሯል። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 አልኮል ፈጽሞ ተከልክሎ ሳለ የወንበዴዎች ንግድ መስፋፋቱ የዚህን ጥበብ እውነት መስክሯል። ስለዚህ እኛ የምንጠይቀው የጎረቤትን ጋን የሚያፈስስ ሕግ ሳይሆን፣ የሻጩን እጅ በልክ የሚይዝ ሕግ ነው።

እንዲህ ያለ ሕግ በሀገራችን ወጥቷል። ኢትዮጵያ ዓለም አቀፉን የትምባሆ ቁጥጥር ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጸደቀች። በጥር ወር 2011 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ በሕዝብ መገልገያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከለከለ፤ ትምባሆና አልኮል ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው እንዳይሸጥ አዘዘ፤ የሲጋራ ፓኬት የፊትና የኋላ ገጽ ከመቶ 70 ያህሉ በሥዕላዊ ማስጠንቀቂያ እንዲሸፈን ደነገገ፤ ሺሻንና ኤሌክትሮኒክ ሲጋራን ከገበያ አገደ። ከዚያው ዓመት ግንቦት ወር ጀምሮም የቢራ ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወጣ። በወቅቱ ብዙ የስፖርት ፕሮግራሞች «ያለ ቢራ ድጋፍ እንዴት እንኖራለን?» ብለው ማዘናቸውን እናስታውሳለን። ይህ ሐዘን ራሱ የኳሱ ፍቅራችን ምን ያህል ከጠርሙሱ ጋር ታስሮ እንደ ነበር አስረድቶናል።

ነገር ግን በወረቀት ላይ የተሳለ መከታ የሚወድቀውን ሰው አይዝም። በጎንደር መጠጥ ቤቶች ደጃፍ ላይ ዕድሜውን የተጠየቀ ወጣት ስንቱ ነው? ደግሞም ሕጉ የፋብሪካውን ጠርሙስ ብቻ ይዞ አረቄውን ከተወው፣ ድሃው ጠጪ ልኩ ወደማይታወቀው መጠጥ ይገፋል፤ የወገራው ልጅ ገንዘብ ሲያልቅበት የሄደው ወደዚያው ነበር። ስለዚህ ቀረጡና ክልከላው ብቻውን አይበቃም፤ አረቄ የምታወጣዋ እናት ሌላ እንጀራ የምታገኝበት መንገድ፣ ለወጣቱ ያለ መጠጥ የሚውልበት ስፍራ፣ ለታመመው ሕክምና አብረው መታሰብ አለባቸው። ይህን ማድረግ ከአቅማችን በላይ ነው የሚል ቢኖር፣ ከ3 ሚሊዮን ተኩል የማይበልጥ ሕዝብ ያላትን ኡራጓይን ያስታውስ። ፊሊፕ ሞሪስ የተባለው ታላቅ የሲጋራ ኩባንያ በማስጠንቀቂያ ሕጓ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ2010 ከሰሳት፤ በ2016 ግን ረትታ ወጣች።

«እንጀራችንስ?»

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ይህ ነው፤ እኛም በችኮላ ልናልፈው አንደፍርም። ጦርነት፣ የመንገድ መዘጋትና ሥራ ማጣት በተደራረቡበት በዚህ ክልል፣ በፋብሪካ የተቀጠረን ሰው ደመወዝህ ርኩስ ነው ማለት ከጠገበ ሰው አፍ የሚወጣ ቃል ነው። ገበሬውም የቢራ ገብስ የሚዘራው ማዳበሪያና የልጆች ልብስ መግዣ ስለሚያስፈልገው ነው።

ሆኖም ሒሳቡ በሙሉ ይታሰብ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትምባሆ በየዓመቱ ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰዎችን ይገድላል፤ በአልኮል ምክንያት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ 2.6 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል። ደመወዙ በፋብሪካው መዝገብ ይጻፋል፤ የተሰበረው አጥንት፣ የተቃጠለው ጉበት፣ የተደበደበችው ሚስት፣ ትምህርቱን ያቋረጠው ልጅ ግን በማን መዝገብ ተጻፈ? ትርፉ የባለ ሀብቱ፣ ኪሳራው የድሃው ቤት ከሆነ፣ ይህ ልማት ተብሎ ሊጠራ አይችልም።

መንግሥትም ራሱን ይመርምር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በቢራ ላይ ከመቶ 40 ወይም በሊትር 11 ብር፣ በሲጋራ ላይ ከመቶ 30 ጋር በፓኬት 8 ብር ጥሎ ነበር። ቀረጥ ዋጋን በማስወደድ ወጣቱን ከመጀመር የሚያግድ በጎ መሣሪያ ነው። ነገር ግን ግምጃ ቤቱ በዚህ ገንዘብ መኖር ከለመደ፣ ጠጪው እንዲተው መመኘት ያቅተዋል፤ በዚያን ጊዜ ሱሰኛው ሁለት ይሆናል። ስለዚህ ከሱስ የተሰበሰበው ግብር በቅድሚያ ሱስ ለጣላቸው ሰዎች ሕክምና ይዋል ብለን እንጠይቃለን።

ጥቅምን ለኅሊና ብሎ መተው የሚቻል መሆኑን ለማሳየት ከራሳችን ቤት አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በቫቲካን ለሠራተኞችና ለጡረተኞች ሲጋራ በቅናሽ ይሸጥ ነበር፤ ለግምጃ ቤቱም ገቢ ያስገኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ሽያጩ እንዲቆም ወሰኑ፤ ምክንያቱም ቅድስት መንበር የሰውን ጤና ከሚጎዳ ሥራ ጋር ልትተባበር አይገባትም። ቤተ ክርስቲያንም ሻጭ ነበረች፤ ዘግይታም ቢሆን ጉድጓዷን ከደነች።

የእኛ ድርሻ

እንግዲህ የገበሬው ጥያቄ ወዴት ደረሰ? ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1987 በጻፉት ማኅበራዊ መልእክት ስለ ኃጢአት መዋቅሮች አስተምረዋል፦ ብዙ ሰዎች በየራሳቸው በሚያደርጉት ጥቂት ጥቂት ድርጊትና ቸልታ የሚሠራ፣ በኋላ ግን ከማንኛቸውም በላይ የሚጠነክር ክፋት አለ። በ1991 ባወጡት መልእክት ደግሞ የሸማቾችን መታነጽ፣ የአምራቾችንና የመገናኛ ብዙኃንን ኃላፊነት፣ የመንግሥትንም ጣልቃ መግባት ሦስቱንም አብረው ጠይቀዋል። ከዚህ የምንረዳው፣ ጥፋቱ በብዙዎች መካከል ስለ ተከፋፈለ ጠፋ ማለት እንዳልሆነ ነው። ለብቻው የማንም ያልሆነ ጉድጓድ በጋራ የሁላችን ነው፤ በጋራም የሚከደነው በሕግ ነው።

ድርሻው ግን እኩል አይደለም። ሥልጣንና እውቀት በበዛ መጠን ተጠያቂነት ይበዛል። ገበሬው ትንሽ ያውቃል፣ ትንሽም ይችላል። አስተናጋጇ ከእርሱ ይልቅ ታያለች፤ የሰከረውን ልጅ አንድ ተጨማሪ ጠርሙስ መከልከል ባትችል እንኳ ባለቤቱ ይችላል። ማስታወቂያ የሚሠራው ለማን እንደሚሠራ ያውቃል። ከሁሉ በላይ ግን የሽያጩን ዕቅድ የሚያወጣው፣ ከማን እንደሚያተርፍ ቁጥሩን በጠረጴዛው ላይ የሚያየውና ሕጉን ሊያስከብር ሥልጣን ተሰጥቶት ዝም የሚለው ባለ ሥልጣን ከገበሬው ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። በመጽሐፍ ቅዱስ ለባልንጀራው የሚያሰክር መጠጥ በሚያጠጣ ላይ ወዮታ የተነገረው (ዕንባቆም ምዕራፍ 2) ለእነርሱ ይበልጥ ይቀርባል።

እኛ ካህናትም ከዚህ ነጻ አይደለንም። ለጠጪው ብዙ ሰብከናል፤ ለሻጩ ግን አፋችንን ዘግተን ቆይተናል። በበዓላት ሰሞን የቢራ አርማ ያለበት ድንኳን በአጠገባችን ሲተከል፣ ለግንባታና ለዝግጅት የተሰጠ ገንዘብ ከየት እንደ መጣ ሳንጠይቅ ስንቀበል ኖረን ይሆናል። ከእንግዲህ ወዲህ ልንጠይቅ ይገባናል።

ለቤተሰብም አንድ ምክር አለን። ለረጅም ጊዜ በብዛት የጠጣን ሰው አስሮ ወይም ቆልፎበት በድንገት ማስተው ለሕይወት የሚያሰጋ የሚጥል በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ጸሎቱና ጠበሉ ሳይቀር፣ ሰውዬው ወደ ሐኪም ይወሰድ፤ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ። ሱስ የሚያሳፍር ሕመም ሆኖ ስለ ታየ ብቻ ስንቶች ሳይታከሙ ሞተዋል።

የወገራው ገበሬ በአራተኛው ቀን ልጁን አገኘው፤ ወደ ሆስፒታልም አብረን ወሰድነው። ልጁ ዛሬ በአባቱ ቤት ነው። ሁለት ጊዜ ተመልሶ ወድቋል፤ ሁለት ጊዜ ተነሥቷል፤ ከዚህ የሚበልጥ ነገር ተናግረን ልንዋሽ አንወድም። አባትየው አሁንም የቢራ ገብስ ይዘራል፤ ግማሹን ማሳ ግን ለቤት እህል እንደ መለሰው ነግሮናል። ባለፈው ጊዜ ሲመጣ፣ በመንደራቸው አጠገብ ለትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቅርብ የሆነ መጠጥ ቤት እንዳይከፈት ሽማግሌዎች ሆነው ለቀበሌው አቤት እንዳሉ አጫወተን። ገና መልስ አላገኙም። እኛ በመጻሕፍት የፈለግነውን መልስ እርሱ በእግሩ ሄዶ ጀምሮታል፤ ጉድጓዱን የቆፈረው ማን እንደ ሆነ ተከራክሮ እስኪጨርስ ድረስ ሳይጠብቅ፣ መክደኛውን ይዞ ቆሟል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል እንዲሉ፣ ከጎኑ የሚቆም ሰው ይብዛለት።